የማርቲን ፓር የፎቶ መጻሕፍት፦ ስላቅ ናቸው ወይስ ፌዝ?

የብሪስቶል ነዋሪ (የውይይቱ ክር ከፋች)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በምኖርበት በብሪስቶል ከተማ፣ ፔይንትወርክስ በሚባለው ሰፈር የሚገኘውን የማርቲን ፓር ፋውንዴሽን ባለፈው ወር ጎብኝቼ ነበር። ለዓመታት በስልክና በኮምፒዩተር አንድ በአንድ ሳያቸው የኖርሁትን ፎቶዎች በመጽሐፍ መልክ፣ ገጽ እየገለጥሁ ለመመልከት በቃሁ። ስለ ሰውየው የነበረኝ አስተያየት ከዚያ ቀን ወዲህ ስለተናወጠ፣ ጉዳዩን ከእናንተ ጋር ልመክርበት ወደድሁ።

ለማያውቁት በአጭሩ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፦ ፎቶ አንሺው ፓር በ1952 በእንግሊዝ፣ ኤፕሰም በተባለች ከተማ ተወለደ። በማንቸስተር ፖሊቴክኒክ ፎቶግራፍ ከተማረ በኋላ በዮርክሻየር፣ ሄብደን ብሪጅ በተባለች ትንሽ ከተማ ተቀምጦ የገበሬዎችንና የትንንሽ ጸሎት ቤቶችን ኑሮ በጥቁርና ነጭ አነሣ። ስሙን ያስጠራውም ሙግት የቀሰቀሰበትም ግን በ1986 ያሳተመው ባለ ቀለሙ «ዘ ላስት ሪዞርት» ነው። ርእሱ ራሱ ሁለት ነገር ይናገራል፤ «ሪዞርት» እኛም እንደምንለው የመዝናኛ ስፍራ ሲሆን፣ ሁለቱ ቃላት ሲጣመሩ ደግሞ ሌላ መውጫ ያጣ ሰው የሚይዘው የመጨረሻ አማራጭ ማለት ይሆናሉ።

ፎቶዎቹ 40 ያህል ሲሆኑ የተነሡት ከ1983 እስከ 1985 ባለው ጊዜ ከሊቨርፑል ማዶ ባለችው በኒው ብራይተን የባሕር ዳርቻ ነው። አፉ ድረስ ሞልቶ ከፈሰሰ የቆሻሻ መጣያ አጠገብ ድንች ጥብሳቸውን የሚበሉ ሰዎች፣ በቁፋሮ ማሽን ፊት ሲሚንቶ ላይ ተኝታ ፀሐይ የምትሞቅ ሴት፣ አይስክሬም ፊታቸው ላይ የቀለጠባቸው ሕፃናት ይታያሉ። እኔ እነዚህን ለብቻቸው ሳያቸው «ይህ ሰው በድሃ ያላግጣል» ብዬ ደምድሜ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ግን አንዱ ገጽ ሌላውን እየተከተለ ሲሄድ፣ ደጋግሞ የሚመለሰው ነገር ቆሻሻው ሳይሆን፣ በቆሻሻው መካከል ልጁን የሚያቅፍ፣ የሚመግብና ተራ የሚጠብቅ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ቆሻሻውን ያላነሣው የከተማው አስተዳደር እንጂ እናትየዋ አይደለችም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በአማርኛ ስላቅና ፌዝ አንድ አይደሉም፤ ስላቅ ጥፋትን ያጋልጣል፣ ፌዝ ሰውን ያሳንሳል። የፓር መጻሕፍት የትኛው ናቸው?

የፎቶ ቤት ሰው

እንኳን ይህን ርእስ አነሡ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በፎቶ ቤት ፊልም እያጠብሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የምናገረው ስለ ብርሃኑ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የክርክሩ ግማሽ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ፓር በ«ዘ ላስት ሪዞርት» የተጠቀመበት ፕላውቤል ማኪና 67 የተባለ ካሜራ ነው። «120» የተባለውን ሰፊ ፊልም ይጠቀማል፤ በአንድ ጥቅል 10 ፎቶ ብቻ ያነሣል። ነጌቲቩ ትልቅ ስለሆነ ከድንቹ ላይ ያለው ጨው እንኳ ተለይቶ ይታያል። ብርሃን የሚያስገባውና የሚከለክለው መዝጊያ (ሻተር) በሌንሱ ውስጥ ስለሆነ ደግሞ በማንኛውም ፍጥነት ከፍላሽ ጋር ይሠራል፤ በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ ለመጠቀም ከዚህ የተሻለ ነገር በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ፍላሽ የሚወጣው ሲመሽ፣ በሠርግና በአዳራሽ ነበር። ፀሐይ ላይ ሲበራ ግን ከዓይንና ከአገጭ ሥር ያለውን ጥላ ይደመስሳል፤ ቀዩን የበለጠ ያቀላዋል፣ ሰውየውንም ከጀርባው ካለው ሰማይ ቆርጦ ያወጣዋል።

ይህ የማስታወቂያና የፖስታ ካርድ ብርሃን ነው። ፓር በተማሪነቱ በትምህርት ዕረፍት ወራት፣ ፋይሊ በሚገኘው የበትሊንስ የመዝናኛ ካምፕ ፎቶ አንሺ ሆኖ ሠርቷል፤ የጆን ሂንድ ስቱዲዮ የሚያሳትማቸውን እንደ ከረሜላ የደመቁ ፖስታ ካርዶች የወደደውም እዚያ ነው። በፎቶ ቤት ሳለሁ ደንበኛ የሚከፍለን ለምስሉ ብቻ ሳይሆን እንድናሳምረውም ጭምር ነበር፤ ሽፍታውን እናጠፋለን፣ ፊቱን እናፈካለን። ፓር ያንኑ የሚያሳምር ብርሃን ወስዶ ምንም ሳያሳምር አበራው። ለዕቃ ሽያጭ የተፈጠረው ድምቀት፣ ዕቃው ከተሸጠና ከተበላ በኋላ የቀረውን ወረቀትና የደከመውን ፊት ሲያሳይ፣ ማስታወቂያው ራሱን ያጋልጣል። ለሰው ፊት የሚራራ ብርሃን እንዳልሆነ ግን አልክድም። እኔ ለእናቴ አላበራውም።

የመርሲ ማዶ

ሊቨርፑል ስለምኖርና ከመርሲ ወንዝ ወዲያ ኒው ብራይተን በዓይን ስለምትታየኝ፣ ስለ ቦታው ጥቂት ልጨምር።

ኒው ብራይተን ድሮ ታላቅ መዝናኛ ነበረች። በ1900 አካባቢ የተጠናቀቀው ግንቧ ከብላክፑል ግንብ ይበልጥ ነበር፤ ቁመቱ 173 ሜትር ያህል ሲሆን በጊዜው በብሪታንያ ረጅሙ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት ያለ ጥገና ቆይቶ ስለዛገ ከ1919 ጀምሮ ፈረሰ። በ1980ዎቹ በአገሪቱ የሥራ አጡ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ሊቨርፑልም ክፉኛ ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ነበረች። ርቆ ለመሄድ አቅም ያልነበረው ቤተሰብ በእሑድ ቀን ልጆቹን ይዞ ወደዚያች የተሰነጣጠቀች ዳርቻ ይመጣ ነበር። ይህን ሳያውቁ መጽሐፉን መመልከት ግማሹን መዝለል ነው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው፣ ፓር ከለንደን በባቡር መጥቶ የሄደ አለመሆኑ ነው። ከ1982 ጀምሮ እዚያው አጠገብ፣ ዋላሲ ይኖር ነበር። ፎቶዎቹ በ1986 ሊቨርፑል ውስጥ በኦፕን አይ ጋለሪ፣ ከፎቶ አንሺው ቶም ውድ ሥራዎች ጋር ሲታዩ ብዙ ጩኸት አልተነሣም፤ ተመልካቹ ቦታውን ያውቀዋልና። ሙግቱ የጦፈው በዚያው ዓመት ለንደን፣ ሰርፐንታይን ጋለሪ ሲደርሱ ነው። ኒው ብራይተንን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች በነዋሪው ስም ተቆጡ።

ቶም ውድን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። እሱ በዚያችው ከተማ ለ25 ዓመት ያህል ኖሮ፣ ልጆቹ «ፎቲ ማን» የሚል ስም አውጥተውለት፣ ያነሣቸውን ፎቶዎች ለሰዎቹ መልሶ ይሰጥ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የቅርበት ልዩነት ይታየዋል።

ባለ ማሲንቆ

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ በአክብሮት አንብቤ በአንድ ነገር ላይ አልስማማም። የክሩ ከፋች ስላቅና ፌዝን የለዩበት መንገድ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ሰው ምን አሰበ የሚለውን ብቻ ነው የመዘኑት። እኔ የተነገረበት ሰው ምን ማድረግ ይችላል የሚለውን ልጠይቅ።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሊሰደብ እንደሚችል ያውቃል። አዝማሪው ስለ ቦርጩም ስለ ገንዘብ ስስቱም ይገጥምበታል፤ ግን ፊት ለፊቱ ቆሞ ነው። የተነካው ሰው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሰጥቶ ሊመልስ ይችላል፤ ይስቃል፣ ይሸልማል፣ ካልወደደም ተነሥቶ ይወጣል። ቤቱ ሁሉ የሚስቀው አብሮት ነው። በሲሚንቶ ላይ የተኛችው ሴት ግን ግጥም አልተሰጣትም። ምስሏ ከእሷ ተለይቶ ለንደን ሄደ፣ ታተመ፣ ተሸጠ፣ በሙዚየም ተሰቀለ። በብሪታንያ ሕግ በአደባባይ ሰውን ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሣት እንደማይከለከል አውቃለሁ፤ ሕግ የፈቀደው ሁሉ ግን ደግ አይደለም። ስላቅ መልስ የመስጫ በር ሲዘጋበት፣ አሳቢው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ወደ ፌዝ ያዘነብላል።

የብሪስቶል ነዋሪ

ባለ ማሲንቆ፣ የአዝማሪው ምሳሌዎ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ አስጨነቀኝ፤ ለሁለት ቀን አስቤበት ነው የምመልሰው።

አንድ መጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ በተሸነፍሁ። ነገር ግን መደርደሪያውን በተራ ስንመለከተው ሰውየው ወዴት እንደሄደ ይታያል። ከ«ዘ ላስት ሪዞርት» ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ «ዘ ኮስት ኦቭ ሊቪንግ»ን አሳተመ። እዚህ ላይ ካሜራውን ያዞረው ወደ ራሱ ወገን፣ ወደ መካከለኛው መደብ ነው፤ የአትክልት ቦታ ግብዣዎች፣ የሥነ ጥበብ መክፈቻዎች፣ ገበያ ማዕከላት። ብርሃኑ ያው ነው፤ የፎቶ ቤት ሰው እንዳሉት ርኅራኄ የለውም። በ1995 ደግሞ «ስሞል ወርልድ» ስለ ጎብኚዎች ወጣ። ፒሳ ላይ ዘንባላውን ግንብ በመዳፋቸው የደገፉ የሚመስሉ ሰዎች ተደርድረው የሚታዩበት ምስል የዚያ ሥራ ነው፤ ፓር ራሱ ዕድሜውን በአውሮፕላን የዞረ ሰው እንደመሆኑ የወቀሰው የራሱንም ልማድ ነው። በ2009 በታተመው «ላግዠሪ» በሞስኮ የሚሊየነሮች ትርዒት፣ በዱባይና በፈረስ እሽቅድምድም ስፍራዎች የሚገኙትን ባለጠጎች አነሣ። በድሃ ብቻ የሚያላግጥ ሰው ይህን መሰላል አይወጣም።

ነገር ግን ላነሡት ጥያቄ ይህ ሙሉ መልስ እንዳልሆነ ይገባኛል። ሴትየዋ መደርደሪያውን አላየችም።

ከሚኒሶታ

የክሩን መንፈስ ሳልረብሽ ስለ አንድ ርእስ ብቻ። «ዘ ኮስት ኦቭ ሊቪንግ» በአማርኛ ቢተረጎም ሁላችንም «የኑሮ ውድነት» እንላለን፤ ያን ጊዜ ግን የዘይት ወረፋ ወይም ባዶ ዘንቢል እንጠብቃለን። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የተቸገረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዋጋው የሚከፈለው ደኅና ለመምሰል ነው። ለዚህ እኔ «የኑሮ ዋጋ» እላለሁ፣ የተሻለ ያለው ይንገረኝ።

መጽሐፍ ጠራዥ

በሙያዬ ከመጽሐፍ ጥራዝ ጋር ስለምውል፣ ክርክሩ ስለ ፎቶ ብቻ ሆኖ መጽሐፉ እንዳይረሳ እሰጋለሁ።

በእኛ ቤቶች ያለው አልበም ነው። አልበም የቤተሰብ መዝገብ ስለሆነ ተመልካቹ ማን እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው ከአጠገቡ ተቀምጧል፤ «ይህ አጎትህ ነው፣ ይህ የክርስትናሽ ዕለት ነው» ይባላል። የፎቶ መጽሐፍ ይህን አስረጂ ያጣ ነው፤ ስለዚህ ትርጉሙን የሚሸከሙት የገጾቹ ቅደም ተከተል፣ ፊት ለፊት የሚገናኙት ሁለት ምስሎች፣ የወረቀቱ መጠንና ባዶው ቦታ ናቸው። ፓር ይህን ከማንም ይበልጥ የተረዳ ይመስለኛል። በ1999 የወጣውን «ኮመን ሴንስ» ይውሰዱ። 158 ፎቶዎች፣ ምንም መግለጫ የለም፣ ነጭ ጠርዝ የለም። ኬክ፣ ቋሊማ፣ ቀለም የተቀባ ጥፍር፣ በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳ፣ የፕላስቲክ አሻንጉሊት፣ ሁሉም ዓይን ላይ እስኪደርሱ ቀርበው ተነሥተዋል። በግራ ያለው ምግብ በቀኝ ካለው ሥጋ ጋር በቀለም ሲመሳሰል፣ ሰውና ሸቀጥ የሚለዩበት ድንበር ይጠፋል። ይህን የሚናገረው አንዱም ፎቶ ለብቻው አይደለም፤ የተናገረው ጥንዱ ነው። ኤግዚቢሽኑም በዚያው ዓመት በ17 አገሮች በ41 ቦታዎች በአንድ ጊዜ ታየ፤ በርካሽ ቀለም ቅጂ የተዘጋጀ ስለነበር እንደ ሸቀጡ ራሱ በየቦታው ተበተነ።

በዚያው ዓመት ያወጣው «ቦሪንግ ፖስትካርድስ» ደግሞ እሱ ያነሣው አንድ ፎቶ እንኳ የለውም። የሰበሰባቸውን የአውራ ጎዳና፣ የአየር ማረፊያና የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ፖስታ ካርዶች ያለ አንዳች ቃል ደርድሮ አሳተመ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ አንድ አገር አዲስ መንገዱን እንዴት ይወደው እንደነበር ያሳያልና።

ለሌሎችም መጻሕፍት የደከመ ሰው ነው። ከጄሪ ባጀር ጋር የጻፈው የፎቶ መጽሐፍ ታሪክ በ2004፣ በ2006 እና በ2014 በሦስት ቅጽ ወጥቷል፤ የፎቶግራፍ ታሪክ በሙዚየም ግድግዳ ብቻ ሳይሆን በተጠረዘ ወረቀትም እንደሚገኝ ብዙዎች የተቀበሉት ከዚያ ወዲህ ነው። በ2017 ቴት ሙዚየም የተረከበው የግል ስብስቡ 12,000 ያህል የፎቶ መጻሕፍት ነበሩት።

ለባለ ማሲንቆ አንድ መጽሐፍ ልጠቁም፦ በ1992 የታተመው «ሳይንዝ ኦቭ ዘ ታይምስ» (የዘመኑ ምልክቶች)። ከቢቢሲ የቴሌቪዥን ተከታታይ ጋር የተሠራ ሲሆን፣ ሰዎች በገዛ ቤታቸው፣ ስለ መጋረጃቸውና ስለ ሶፋቸው የተናገሩት ቃል ከፎቶው ጋር ታትሟል። እዚህ ላይ ሰዎቹ ግጥም ተሰጥቷቸዋል።

የመርሲ ማዶ

በሙያ ባልደረቦቹ መካከልም ይኸው ክርክር ነበር። ማግነም የተባለው የፎቶ አንሺዎች ማኅበር ፓርን በ1994 በሙሉ አባልነት የተቀበለው እጅግ በጠበበ ድምፅ ነው። ከተቃወሙት መካከል የቬትናምን ጦርነት በፎቶ ያጋለጠው ዌልሳዊው ፊሊፕ ጆንስ ግሪፊትስ ግንባር ቀደም ነበር፤ ማኅበሩ ለተጎዳ ሰው የሚቆም ነው ብሎ ያምን ስለነበር የፓርን ዓይን የዚያ እምነት ተቃራኒ አድርጎ አየው። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ የነበረው ፎቶ አንሺ ካርቲዬ ብሬሶንም በ1995 ፓሪስ ላይ ትርዒቱን አይቶ፣ ፓር ከሌላ የፀሐይ ሥርዓት የመጣ እንደሆነ ነገረው። ያው ፓር ኋላ እስከ 2017 የማግነም ፕሬዚዳንት ሆነ።

ጆንስ ግሪፊትስ ተሳስቷል ብዬ ልናገር አልደፍርም። ጦርነት ያየ ዓይን በአይስክሬም ቢቆጣ አይፈረድበትም። እኔ ግን የዘመናችን ጉዳት ብዙው የሚደርሰው በገበያ አዳራሽ ነው ብዬ ስለማምን፣ እሱን የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል እላለሁ።

ባለ ማሲንቆ

መጽሐፍ ጠራዥ፣ ስለ ጥቆማው ከልብ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ስለ ጥንድ ገጾች የጻፉት ሌላ ነገር አስታወሰኝ፤ ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም የእኛን መልክ የያዘ ሰው ጉዳይ ነው።

ጣሊያናዊው ጃን ቡቱሪኒ በ1969 «ለንደን» የሚል የፎቶ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በ2017 ዳግም ሲታተም መግቢያውን የጻፈውና በአርታኢነት ስሙ የተጠቀሰው ፓር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ጥቁር ሴት በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ትኬት መሸጫ ተቀምጣ ትታያለች፤ ከእሷ ፊት ለፊት ባለው ገጽ በአራዊት መጠበቂያ ፍርግርግ ውስጥ ያለ ጎሪላ አለ። አንዲት ተማሪ ተቃውሞ አስነሣች፤ በ2020 ፓር ይቅርታ ጠየቀ፣ መጽሐፉ ከሽያጭ እንዲነሣ አሳሰበ፣ የብሪስቶል የፎቶ ፌስቲቫል የጥበብ ዳይሬክተርነቱንም ለቀቀ። የቡቱሪኒ ቤተሰብ ግን ጥንዱ ሁለቱም በማኅበረሰቡ መታሰራቸውን ለማሳየት የተደረገና ዘረኝነትን የሚቃወም ነው ብለው ተከራከሩ።

ይኸውላችሁ፣ ሁለት ፎቶ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚናገር ለዓለም ያስተማረው ሰው ያንን ገጽ ገልጦ አለፈው። ይቅርታው እውነተኛ እንደነበር አምናለሁ፣ እንደ ጭራቅ እንዲታይም አልፈልግም። የምለው ይህን ነው፤ ዓይን የቱንም ያህል ቢሠለጥን፣ በገጹ ላይ ያለችው ሴት ስታየው የሚሰማትን ሌላ ሰው በቀላሉ አይሰማውም። እኔም ሆንሁ እኅቶቼ ያንን ገጽ ብንገልጥ ኖሮ ለመረዳት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብንም ነበር።

መጽሐፍ ጠራዥ

ባለ ማሲንቆ፣ ይህን አልመልስም፤ ትክክል ነዎት። ስለ ጥንድ ገጽ ስጽፍ ይህን ጉዳይ አውቀው ነበር፤ ዘልዬው ማለፌ ጥፋት ነው።

አሳትሞ ያሰናዳ ሰው ሁሉ አንድን ጥንድ ከማጽደቁ በፊት፣ በምስሉ ውስጥ ያለውን ሰው የሚመስል አንባቢ ሊያሳየው ይገባል። መጽሐፍ እንደ ጋዜጣ የማግሥቱን እትም አይጠብቅም፤ ከተጠረዘ ተጠረዘ።

የፎቶ ቤት ሰው

የክሩ ከፋች፣ እንደገና ወደ ፋውንዴሽኑ ከሄዱ አንድ ነገር እንዲያዩልኝ እለምንዎታለሁ። በ«ዘ ላስት ሪዞርት» ውስጥ የአይስክሬም መሸጫው ፎቶ አለ፤ እኔ በትንሽ ስክሪን ብቻ ነው ያየሁት። ሻጭዋ ልጅ ዓይኗ ወዴት ነው?

የብሪስቶል ነዋሪ

ትናንት ሄጄ አየሁት፣ ጋሼ።

ልጆቹ ከባንኮኒው ፊት ለፊት ተጋፍተው ቆመዋል፤ እርቃናቸውን ያሉ ትከሻዎች፣ የተዘረጉ እጆች፣ የያዙትን አይስክሬም ለማዳን የሚታገሉ ጣቶች። ሁሉም ወደ አይስክሬሙ ወይም ወደየራሳቸው ነው የሚያዩት፤ ፎቶ አንሺ መኖሩን ያስተዋለ አይመስልም። ከባንኮኒው ኋላ ያለችው ልጅ ግን ቀጥ ብላ ወደ ሌንሱ ትመለከታለች። ፈገግ አላለችም። ሥራ ላይ ናት፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ እሱ ደግሞ ፍላሽ ይዞ መጥቶባታል።

ሌሎቹን 40 ያህል ፎቶዎች ደግሜ ገለጥሁ፤ ከዚያ ወደ እሷ ተመለስሁ። ባለ ማሲንቆ፣ እርስዎ ያሉት በር በጠቅላላው ተዘግቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ይህን ፎቶ መርጦ በመጽሐፉ ውስጥ ያስቀመጠው እሱ ነውና፣ ወደ ሌንሱ ማየቷን አይቶታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ «ሳይንዝ ኦቭ ዘ ታይምስ»ን ጠይቄ ለማየት ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ሰዎቹ ስለ ቤታቸው ምን እንዳሉ አንብቤ እዚህ እጽፋለሁ።